ተመን አልወጣም

የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ ከሻንጣው የሚወጣው ቸኮላትና የሱፍ ሹራብ መስሎን ነበር። እሱ ግን አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ ጥቅል ወረቀትና አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጣ። ከረጢቱን ሲገለብጠው ባለ ብዙ ገጽ ጠጠሮች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ፤ አንዷማ ሃያ ገጽ ነበራት። እናቴ አንሥታ አገላብጣ አየቻትና «ዳዶ» አለች። በአሥመራ የመጫወቻ ጠጠርም የብሎን ማሰሪያም ዳዶ ነው፤ ጣሊያን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶልን ሄዷል። «ለመሆኑ የትኛው ብሎን ላይ ነው የምትገባው?» ብላ ሳቀች። ያን ሰሞን እናቴ የምትስቅበት ነገር ብዙ ስላልነበረ፣ ያችን ዳዶ ገና ሳልጫወትባት ወደድኳት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ ገብተው ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «በሩ ተንኳኳ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ይሳካ አይሳካ ዳዶዋ ተጥላ ትፈርዳለች። ማንም አያሸንፍም፤ መሞት ግን አለ። የአጎቴ ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ጋር ለነጻነቱ ድምፅ መስጫ መጥቶ እስኪመለስ ድረስ ጸጸራት ሰፈር እኛ ቤት አርፏል። መጽሐፉ በጀርመንኛ ስለሆነ ለራሱ ያነብና በትግርኛ ይነግረናል። ትግርኛውን የተማረው እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ጎራዴና ስለ ምሽግ ሲያወራ እንኳ ሽንኩርት እየከተፈ ያለ ይመስላል። አማርኛ ግን አንድም ቃል አያውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

የእኔ ነገር የተገላቢጦሽ ነበር። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ የአሥመራ ልጅ ናት፤ አባቴ ግን ከመሀል አገር የመጣ መኮንን፣ የስንቅና ትጥቅ ሰው ነበር። የተወለድኩትም ያደግኩትም እሱ በየተመደበበት ከተማ ሲሆን፣ አሥመራ የገባነው ነጻነት ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። አባቴ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ በሄደ በሳምንቱ እናቴ ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ካብ ሎሚ ኣብዚ ገዛ ብትግርኛ ጥራይ ኢና እንዛረብ» አለችኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በትግርኛ ብቻ ነው የምንነጋገረው ማለቷ ነው። እሷ ራሷ ጣቷን እሳት ሲፈጃት በአማርኛ እንደምትጮህ ላስታውሳት ፈልጌ ነበር፤ ትከሻዋን አይቼ ተውኩት።

ትግርኛውን እንደምንም ያዝኩት። እንጀራውን፣ ውሃውን፣ ገበያውን፣ ሰላምታውን አወቅሁ። ጉሮሮዬ ግን እምቢ አለ። «ዓዲ»፣ አገር ወይም መንደር ማለት ነው፣ ከጉሮሮ ሥር ነው የሚወጣው፤ እኔ ስለው «አዲ» ይሆንብኛል። በአሥመራ ደግሞ ከየት ነሽ ተብሎ ዓዲ የማይባልበት መልስ የለም። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብቻ ቃሉ ከአፌ በወጣ ቁጥር የሰሚው ራስ ቀና ይላል። እኔም ያን ቀና ማለት እየፈራሁ ብዙውን ጊዜ ዝም እል ነበር። ዝምታ ለእኔ እንዴት ያለ ቅጣት እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ለድምፅ መስጫው መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያውን ለማግኘት ደግሞ «ይህች ልጅ የእኛ ናት» የሚሉ ሦስት ምስክሮች ማቅረብ ነበረብኝ። ሁለቱን እናቴ ከልጅነት ጎረቤቶቿ አገኘች። ሦስተኛው ጠፋ፤ የቀረው ሰው የሚያውቀን የመኮንኑ ቤተሰብ ብሎ ነው። እንደኛ ያሉ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ወጥተው ሄደዋል። አባቴ አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ እንዳለ አንድ ደብዳቤ ደርሶን ነበር፤ እናቴ ግን ከእንግዲህ ከአሥመራ ንቅንቅ እንደማትል ቁርጡን ነግራኛለች። ወረቀቱን ካላገኘሁ እኔ ወደዚያ፣ እሷ ወደዚህ እንሆናለን ብዬ አምን ነበር። እናቴን የማጣት ነገር ነበር ለእኔ።

አባቴ ትቶልን ከሄደው ነገር አንዱ አንድ አባባል ነው። በሥራው ላይ በግም ይሁን ማገዶ የሚገዛው ዋጋው ከበላይ ተወስኖ ሲመጣ ብቻ ነበርና፣ ዕድሜውን ሙሉ «ተመን አልወጣም» ሲባል ኖሯል። በኋላ እሱ ራሱ ላልደረሰ ነገር ሁሉ ይለው ጀመር። «ምሳ ደረሰ?» «ተመን አልወጣም።» «ጫማህን ጠረግክ?» «ገና ነው እመቤቴ፣ ተመን አልወጣም።» ከአባቴ ሌላ እንዲህ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔም ወርሼዋለሁ፤ አማርኛ በተከለከለበት ቤት እንኳ ሳላስበው ያመልጠኝ ነበር።

ከወጥ ቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል የተከራየችው ታጋይ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ታገናኛለች። ስኒዋን ጠጥታ እንደጨረሰች አጥባ ትደፋዋለች፤ የምታወራውን ሰው በቀኝ ጆሮዋ ታዳምጠዋለች፤ በደንብ መስማት ስትፈልግ ዓይኗን ትጨፍናለች። እናቴ «ጓለይ» እያለች ነበር የምትጠራት፣ ልጄ እንደማለት። እኔ እፈራት ነበር። የአባቴን ልጅ ምን ብላ ታየኛለች እያልኩ ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ሰላምታዬን አሳጥር ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንጫወት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የአጎቴ ልጅ ሲተርክ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አዳመጠችና «ኣነኸ?» አለች። እኔስ? ማለቷ ነው። ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው የልጅነት ጨዋታ አምሮት እንደማይወጣለት ያን ቀን ነው የገባኝ። ወንበር ሳብኩላት።

የአጎቴ ልጅ የተረቱን ከተማ የገነባው ቤት ጊዮርጊስ በሚባለው የአሥመራ ዳርቻ ላይ ነው። መንገዱ ወደ ምጽዋ ቁልቁል ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ወስጄው ደመናውን ከእግሩ በታች አይቶ ነበርና፣ ተራራ ላይ ያለ፣ ከሥሩ ጉም የተኛበት፣ አንድ በር ብቻ ያለው ከተማ አደረገው። እሷ የዘብ አለቃ ሆነች። እኔ ብዙ መናገር የማያስፈልገው ሥራ መርጬ በር ጠባቂ ሆንኩ። ለአምስት እሑድ ያህል ወንበዴ አባረርን፣ የደረቀ ምንጭ ፈለግን። እሷ እንደኛ አትጫወትም ነበር። ዳዶዋን ከመጣሏ በፊት ዘቦቿ ውሃ መጠጣታቸውን ትጠይቃለች። ስንስቅባት «ውሃ ያልጠጣ ዘብ ይተኛል» ትላለች፣ በትግርኛዋ፣ ኮስተር ብላ።

በነዚያ ሳምንታት የአጎቴ ልጅ ስለ አንድ ሕዝብ ወሬ ይነዛ ነበር። «ህዝቢ ተመን» ይላቸዋል። ከጉሙ በታች የሚኖሩ፣ ከሰው ልጅ በፊት ከተማና ሕግ የነበራቸው፣ አዋቂዎች፣ ሁሉን የሚመዝኑ፣ የማይቸኩሉ። የሰው ቋንቋ ሁሉ ይችላሉ፤ ሰው መስለው ገበያ ውስጥ ቢቆሙም አይለዩም። ሥዕላቸውን ግን እስከ ሰዓቱ ድረስ ደበቀን። እኔም ሰምቼ ገባኝ አልኩ። ተመን ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የዋጋ ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ መዛኞች፣ ትዕግሥተኞች። እንዲያውም አባቴ ትዝ አለኝና ወደድኳቸው።

በትግርኛ ተመን ማለት እባብ ነው። ይህን አላወቅሁም። አሥመራ አስፋልት ላይ እባብ የት ታይቶ ነው ስሙን የምሰማው?

ያች እሑድ መጣች። የአጎቴ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ህዝቢ ተመን መጺኦም ኣለዉ፤ ማዕጾ ክፈቱልና ይብሉ ኣለዉ» አለ። መጥተዋል፣ በሩን ክፈቱልን እያሉ ነው። የዘብ አለቃዋ ከበሩ ጀርባ ተኝታ ነበር፤ ተራዋን ጨርሳ አደራውን ለእኔ ሰጥታኛለች። ዳዶ እንኳ አልጣልኩም። እንደ ጥሩ ባለቤት ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ «ይግቡ፣ እንኳን ደኅና መጡ» አልኩ።

የአጎቴ ልጅ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መጽሐፉን ወደኛ አዞረው። ከወገባቸው በላይ ሰው፣ ከወገባቸው በታች እንደ ግንድ የወፈረ እባብ። ፊታቸው ያምራል፤ ዓይናቸው ግን አይርገበገብም። በተረቱ ውስጥ ገቡና ዘቦቹን በየተኙበት አነቁ። ለዘብ አለቃዋ ሕይወት ዳዶዋ ተጣለች፤ ከሃያው ቁጥር ትንሹ፣ አንድ፣ ወጣ። ሞተች። ታጋይዋ የዘብ አለቃዋ የተጻፈችበትን ወረቀት አንሥታ በፊቱ ደፋችው፣ እንደ ስኒዋ።

«ንምንታይ ከፊትኪ?» ብሎ ጮኸብኝ የአጎቴ ልጅ። ለምን ከፈትሽ? «እባቦች ናቸው እኮ! ክፋታቸው ከልደታቸው ነው፤ እዚህ ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?» አልኩት፤ ጥፋተኛ ስሆን ቁጣ ይቀድመኛል። «እነሱ ተጠይቀው ነው? ደግሞ ተመን ነው እንጂ እባብ መች አልክ! ዋጋ የሚያወጡ ሰዎች መስለውኝ ነው!» በንዴት በአማርኛ ነበር የጮህኩት። እሱ አንዱም አልገባውም። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

ያን ጊዜ ታጋይዋ ዓይኗን ጨፍና፣ «ተመን በአማርኛ ዋጋ ነው» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። ሐውንና ዐውን ከጉሮሮዋ የምታወጣ፣ ሰላምታ የሌለው፣ አጭር፣ እንደ ትእዛዝ ያለ አማርኛ። ግቢ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ስትኖር ሰምተን አናውቅም። እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጥታ ተቀመጠች።

ታጋይዋ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠላትን ሬድዮ ስታዳምጥ ኖራለች። በጆሮዋ ማዳመጫ ደፍታ፣ መኮንኖቹ የሚነጋገሩትን አማርኛ ሰምታ በትግርኛ ጽፋ ለአለቆቿ መስጠት ነበር ሥራዋ። ግራ ጆሮዋን የጎዳው ግን ሬድዮው ሳይሆን ቦምብ ነው። አማርኛውን ያስተማሯት ምርኮኞች ናቸው፤ የቀረውን ከአየር ለቀመችው። ይህን ሁሉ በአማርኛ ነገረችን። የአጎቴ ልጅ ሳይገባው ዳዶዋን በእጁ ያገላብጥ ነበር።

«አንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ያዝኩ» አለች። «ሌላው ‹ጉዳዩ እንዴት ሆነ?› ሲለው፣ ‹ገና ነው ጌታዬ፣ ተመን አልወጣም› አለ። እየሳቀ ነበር ያለው። እኔ እባቡ አልወጣም ብዬ ጻፍኩ። አለቆቼ እባብ የተባለ የታንክ ጦር አለ፣ ከሰፈሩም ገና አልወጣም ብለው አሰቡ። ጓዶቻችን በዚያ እምነት በቀን ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ጦሩ ወጥቶ ኖሯል። ከወረዱት የተመለሰ የለም። አንዷ ከእኔ ጋር አንድ ነጠላ የምትለብስ ነበረች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ በር ከፈትሽ፤ እኔም ከፍቻለሁ» አለችና ተነሥታ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ስንት የስንቅ ሹም አለ፤ ስንቱ እንዲያ ሊል ይችላል እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ግን «ገና ነው ጌታዬ» ብሎ የሚስቅ ሰው የማውቀው አንድ ነው። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም። ስለ አባቴ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ዛሬም መለየት አልችልም። ናፈቀኝ፣ አፈርኩበት፣ ደግሞ ምን አጠፋ አልኩ። ቀልዶ ነው እንጂ ሰው አልገደለም። ያቺ ባለ ነጠላ ግን ሞታለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ አልተጫወትንም። ከተማዋ በእባቦቹ እጅ ቀረች። ታጋይዋ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፣ ሰላምታዋ ያው ነው። እኔ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ የበሯ ድምፅ ያስደነግጠኝ ጀመር። በዚህ መሀል እናቴ ሳትነግረኝ ሄዳ ሦስተኛ ምስክር እንድትሆነኝ ለምናት ኖሯል። «እሺ ብላለች፤ ማክሰኞ ጠዋት ትሄዳላችሁ» አለችኝ። ደስታው ግን ጭንቀት ሆነብኝ። ድምፁ የአባቴ መሆኑን ሳልነግራት ብትመሰክርልኝ ሰው መስሎ ገበያ መሀል እንደሚቆመው የመጽሐፉ ፍጡር መሆኔ ነው። ብነግራት ደግሞ መታወቂያውንም፣ እናቴንም፣ እሷንም ላጣ ነው። ሰኞን ያሳለፍኩት አንድ ልብስ ሦስቴ በመተኮስ ነው።

ማክሰኞ ፌርማታው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ምስክሮች ቀድመው ሄደዋል። ከሰምበል በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ዘግይቷል። ቀኝ ጆሮዋ ወደ እኔ ነበር።

«ያ በሬድዮ የሰማሽው ሰው አባቴ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። በትግርኛ ልናገረው ለሁለት ቀን ተለማምጄው ነበር፤ ሲወጣ ግን በአማርኛ ወጣ። «የስንቅ ሹም ነበር። እንዲያ የሚል እሱ ብቻ ነው። ምስክርነቱን ብትተዪው አልቀየምሽም።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«አውቃለሁ» አለች። «ክፍሉን በተከራየሁ በሳምንቱ እናትሽ ውሃው ፈላ ወይ ስትልሽ፣ ከወጥ ቤት ተመን አልወጣም ብለሽ ጮህሽ። የያዝኩት ስኒ ከእጄ ወደቀ። ልጅሽ የምትለው የምን እባብ ነው ብዬ እናትሽን ጠየቅኋት። ሳቀች። እባብ አይደለም፣ ዋጋ ነው፣ የአባቷ ቀልድ ነው አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ እባቡ ዋሽቶኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን ከኛ ጋር ትጫወቺያለሽ?»

«ስምንት ዓመት ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ፊታቸውን አላየሁም። ልጁ ምን ትመስል ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።» ወደ መንገዱ እያየች፣ «በር ጠባቂነት አትችዪም» አለች።

ሳቄና ዕንባዬ ተደባለቁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድማኝ ወጣችና ከጎኗ ያለውን ቦታ ያዘችልኝ።

የሚመዘግቡት ሽማግሌ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሠሩ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ። ስሜን ጻፉ። የእናቴን ስም ጻፉ። ከዚያ የእናቴ አባት አገር የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ ብዙው የዚያ አገር መንደር በዓዲ ይጀምራል። ትንፋሼን ሳብኩ፣ ከጉሮሮዬ ሥር ልቆፍረው ሞከርኩ፣ «አዲ» ብሎ ወጣ። ራሳቸው ቀና አለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ቃላቸውን ሰጥተው ስለነበር ሽማግሌው ወደ ሦስተኛዋ ዞሩ።

«ንስኺኸ ጓለይ፣ ብምንታይ ትፈልጥያ?» አሏት። አንቺስ ልጄ፣ በምን ታውቂያታለሽ?

ታጋይዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብድምጻ» አለች። በድምጿ። «ናትና እያ።» የእኛ ናት።

ሽማግሌው ትንሽ አዩዋት፣ ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ስሟን በሦስተኛው መስመር ላይ ጻፉ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።